ከደጀን እስከ ቡሬ፤ ስለ ዘር ቡቃያና ስለ ብርሃን

የጎጃም ስም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው የጤፉን ጥራት፣ የማሩን ጣዕምና የቅኔውን ትምህርት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በአገሩ ውስጥ ተዘዋውሮ የባላገሩን ጓዳና ጓሮ በጥሞና ለተመለከተ ሰው ከዚህ የማያንስ ሌላ ብልሃት ይታየዋል፤ እርሱም ዘር ወደ እርሻ ከመውጣቱ አስቀድሞ በቤት ውስጥ፣ በቆጥ ላይ ወይም በዳስ ሥር ሳለ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልገው የማወቅ ብልሃት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከደጀን ተነሥተን በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ቡሬ ድረስ በተጓዝን ጊዜ ይህን ነገር በሦስት ቦታዎች፣ በሦስት ልዩ ልዩ ዓይነት ተመልክተነዋል። ጓሮ ላለው ቤተ ሰብ ሁሉ፣ ጓሮም ለሌለው፣ የሚጠቅም መስሎ ስለታየን ያየነውንና የሰማነውን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለ፤ ከወንዙም ወዲያ ያንኑ የሚያህል ዳገት ተወጥቶ ደጀን ይደረሳል። በታች ሙቀቱ እንደ ምድጃ ዳር ነው፤ በላይ ደጋው ነፋሻ ነው። በዚህ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ የቆላውን ሙቀትና የደጋውን ብርድ በገላው የቀመሰ ሰው፣ ቆላ ላይ ፈጥኖ የሚበቅል የበርበሬ ዘር ደጋ ላይ ለምን ባለቤቱን እንደሚያስጠብቅ አስተማሪ ሳይፈልግ ይገባዋል። ከደጀን በኋላ የትኖራንና ሉማሜን ስናልፍ ሜዳው ሰፊ፣ አፈሩ ጥቁር ነው። ጊዜው ሚያዝያ ስለ ሆነ ማሳው ባዶ ነበር፤ አንዳንዱ ገበሬ የመጀመሪያውን እርሻ ጀምሮ መሬቱን ይገለብጥ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ይባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸውን በዚያ ስላደረጉ ከተማው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራ። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ነው፤ ቀኑ ለስላሳ ሲሆን ሌሊቱ ግን ጋቢ የሚያስደርብ ነው። ስለ ከተማው ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ወደ ላይ፣ ወደ ስናን፣ እንውጣ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ሲወጡ መንገዱ የጮቄን ተራራ እየተጠጋ ይሄዳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ሲሆን ብዙዎች የዓባይ ገባሮች ከእርሱ ይመነጫሉ። በላይኛው ክፍል ጅብራና አስታ ይታያል፤ ዝቅ ሲሉ ገብስ ነው፤ ከገብሱም ጋር ድንች ነው። ድንች በአገራችን የቆየ አዝመራ አይደለም። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ አገር ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነና ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ በስናን ወረዳ የረቡዕ ገበያን ያየ ሰው ድንች በዚያ እንግዳ ነበረ ብሎ ማመን ይከብደዋል።

በረቡዕ ገበያ አካባቢ ባየነው በአንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ እንደ ትንሽ ጎተራ ያለ ነገር ቆሞአል። ነገር ግን ጎተራ አይደለም። ግድግዳው በጭቃ አልተመረገም፤ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት እየተራራቀ የተመታበት ርብራብ ነው። ጣሪያው የሣር ሲሆን ክፈፉ ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ ስለ ወጣ ዝናምም የቀትር ፀሐይም ወደ ውስጥ አይገባም፤ የቀኑ ብርሃንና ነፋስ ግን በአራቱም ወገን እንደ ልብ ይገባል። በውስጡ ሦስት ቆጥ አንዱ ካንዱ በላይ ተሠርቶ በእያንዳንዱ ላይ የዘር ድንች ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ተዘርግቶአል። ባለቤቱ ዕድሜአቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው ናቸው። አንዱን ድንች አንሥተው በመዳፋቸው ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አሳዩን። ከየዐይኑ የወጣው ቡቃያ ከጥፍር አይበልጥም፤ ነገር ግን ወፍራም ነው፤ መልኩም አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ወደ ሐምራዊ ይመልሳል። ድንቹን በኃይል ቢያነቃንቁትም ቡቃያው አልረገፈም።

«ፊት ዘሩን የምናኖረው በጓዳ ነበር» አሉን። «ድንች ጨለማ ይወዳል ሲሉን። በሰኔ ስንከፍተው እንደ ፈትል ነጭ ሁኖ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እናገኘዋለን። ስንለያየው ይቀነጠሳል፤ የቀረውም ማሳ እስኪደርስ በከረጢት ውስጥ ያልቃል። መሬቱ ግማሹ በቅሎ ግማሹ ባዶ ሲሆን ደግሞ ዘሩን ያኖርነው እኛው ራሳችን ሳለን ዘር ሻጩን እናማ ነበር።»

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ማናቸውም ቡቃያ በጨለማ ሲቀር ብርሃን ፍለጋ ይሮጣል። ቅጠሉን ማስፋትና ግንዱን ማወፈር ትቶ በውስጡ ያለውን ስንቅ ሁሉ በርዝመት ላይ ያጠፋዋል። ድንቹም ከውስጡ እየተበላ ይጨማደዳል። ብርሃን ያገኘ ቡቃያ ግን መሮጥ አያስፈልገውምና ባለበት ይጠነክራል። በፔሩ አገር በሊማ ከተማ ያለውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል እንዲህ ያለው ብርሃን የሚያስገባ የዘር ማከማቻ በብዙ አገሮች እንዲለመድ ሠርቶአል፤ በእኛም አገር የግብርና ምርምር ሰዎችና የልማት ሠራተኞች በየደጋው አስተምረውታል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ባሕር ዛፍና ሣር ላለው ገበሬ የሚያስፈልገው ጉልበትና ጥቂት ምስማር ነው።

እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶች አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መናገር ግዴታችን ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ማከማቻውን መሥራት ሲያስተምሩ ይህን ሳይናገሩ እንደሚያልፉ ሰምተናልና። በብርሃን የኖረ ድንች ለዘር እንጂ ለመብል አይሆንም። ድንች ብርሃን ሲያገኝ ከመልኩ መለወጥ ጋር ሶላኒን የተባለው መራራ መርዝ በውስጡ ይበዛል። ይህም መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። የበላው ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ራሱንም ያመዋል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ ይብሳል። ለከብትም ቢሆን መስጠት አይገባም።

የዚያ ቤት እመቤት ይህን ያወቁት በመጽሐፍ አይደለም። ማከማቻው በተሠራ በመጀመሪያው ዓመት ተከላው ካለቀ በኋላ አንድ ቁና የሚያህል ዘር ተርፎ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል አልቆአል፤ ገብሱ ገና ለጋ ነው። «ልጅ ራበኝ እያለ የሚያዩትን ድንች ቆጥ ላይ ትቶ ማደር ይቻላል?» አሉን። ልጠው ቀቀሉት። ልጆቹ መረረን ሲሉ የረኃብ ቅብጠት ነው ብለው ጨው ጨመሩበት። ሌሊቱን ሦስቱም ልጆች ሲያስታውኩ አደሩ። ትንሿ ልጅ እስከ ሦስተኛው ቀን ራሷን ቀና ማድረግ አልቻለችም ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ድነዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ድንቹ ከመሬት በወጣ ዕለት ለሁለት ይከፈላል። ለመብል የታሰበው በጨለማ ጓዳ ይገባል፤ ለዘር የታሰበው ወደ ቆጡ ይወጣል፤ ከዘሩም የተረፈ ቢኖር በዚያው ሳምንት ለጎረቤት በዘርነት ይሰጣል ወይም ይሸጣል እንጂ ድስት አያይም። ልጆቹም አድገው ዛሬ ርብራቡን የሚጠግኑት እነርሱ ናቸው።

ስለ ድንች ዘር ከተነሣ ዘንድ፣ በጎጃም ባለው በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ለደጋው የሚስማሙ ዘሮች ተመርጠው መውጣታቸውንም መጥቀስ ይገባል፤ ዘንገናና ጓሳ የሚባሉት ከእነዚህ ናቸው። ከበሽታ የነጻ ዘር ለማግኘት ደግሞ ሊቃውንቱ ከድንቹ ቡቃያ ጫፍ እጅግ ትንሽ ቍራጭ ወስደው በብርጭቆ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ያሳድጉታል። በሆለታ ባለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል የሚሠራው ሥራ ከዚህ ወገን ነው። እነዚህ የብርጭቆ ቡቃያዎች በሚያድጉበት ክፍል ፀሐይ አይገባም፤ ፀሐያቸው ከመደርደሪያው በላይ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ መብራት ሲሆን በቀን 16 ሰዓት ያህል ይበራላቸዋል። እንግዲህ የስናኑ ገበሬ በርብራብ የሚያስገባውን ብርሃን እነዚህ በመብራት ያመጡታል ማለት ነው።

ይህንኑ የመብራት ነገር ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሰን በአንድ ቤት ውስጥ አገኘነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም መምህራን ናቸው። የተከራዩት ቤት መስኮቱ የሚመለከተው የጎረቤትን ግንብ ስለ ሆነ ፀሐይ የሚገባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ግቢው ሲሚንቶ ነው። ነገር ግን ሴትዮይቱ የቡሬ አገር ልጅ ስለ ሆኑ በርበሬ ሳይተክሉ መክረም አይሆንላቸውም። ስለዚህ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ቀደው፣ ከታች ውኃ መውጫ በስተው፣ አፈርና የተብላላ ፍግ ሞልተው በጠረጴዛ ላይ ደረደሩት፤ ከላዩም አምፖል ሰቀሉ።

በመጀመሪያው ዓመት አምፖሉ የተሰቀለው እንደ ልማዱ በኮርኒሱ ላይ ነበር። ቡቃያው በቀለ፤ ነገር ግን ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ተመዘዘ፤ ሁለት ቅጠል ብቻ ይዞ እንደ ክር ከተንጠለጠለ በኋላ ተዘናግቶ ወደቀ። ለሰው ዐይን ክፍሉ ብሩህ ነበር። እዚህ ላይ ዐይናችን እንደሚያታልለን ማወቅ ያስፈልጋል። ብርሃን በሚለካበት በሉክስ ብንናገር የቀትር ፀሐይ መቶ ሺህ ያህል ሲሆን መብራት የበራበት የቤት ጠረጴዛ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት መቶ አይበልጥም። ዐይን ለሁለቱም ራሱን ያስማማል፤ ቡቃያ ግን አይስማማም። ደግሞም መብራት ሲርቅ ብርሃኑ የሚቀንሰው ሰው እንደሚገምተው አይደለም። አንድ ስንዝር ላይ የነበረ አምፖል ወደ ሁለት ስንዝር ቢነሣ ለቡቃያው የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመት ባልዮው አምፖሉን በገመድ አውርደው ከቡቃያው ራስ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ አራቁት፤ ቡቃያው ባደገ ቍጥር ገመዱን ይስቡታል። እኛ በደረስንበት ቀን የበርበሬው ችግኝ አምስተኛ ቅጠሉን ያወጣ፣ አጭርና ደንዳና ነበር።

ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ አዲስ የዘመን ፈሊጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቆየት ያለ ነው። ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚጎነበሰው በጫፉ ብርሃኑን ስለሚያውቅ እንደ ሆነ አስረድቶአል፤ ጫፉን በትንሽ ቆብ ሲሸፍኑት ቡቃያው ሳይጎነበስ ቀርቶአልና። በዚያው ዓመት ዊልያም ሲመንስ የተባለው የኤሌክትሪክ ሊቅ በእንግሊዝ አገር ዕፀዋትን በሌሊት በኤሌክትሪክ መብራት አብርቶ እንደሚያድጉ ለለንደን ሊቃውንት ማኅበር አሳየ። በዚያ ዘመን ግን መብራቱ ብርቱ እሳት ስለ ነበረ ያለ መስተዋት ሲቀርብ ቅጠሉን ይጎዳ ነበር። ኋላ የመጣውም ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ኃይል የሚበዛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ለቡቃያ ቀርቦ ሊሰቀል የሚመች አይደለም። ነገሩን ለማንኛውም ቤት ያቀረበው ኤል ኢ ዲ የተባለው የዛሬው አምፖል ነው። ሰማያዊውን ብርሃን በዚህ ዓይነት ለማውጣት የቻሉት ሦስት የጃፓን ተወላጆች በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ነጩም አምፖል ሊገኝ የቻለው ሰማያዊው ከተገኘ በኋላ ነው። ቅጠል ከብርሃን ቀለሞች ቀዩንና ሰማያዊውን አብልጦ ይጠቀማል፤ ይልቁንም ሰማያዊው ግንዱ እንዳይመዘዝ ይገታዋል። ስለዚህ ከገበያ የሚገዛ ተራ ነጭ አምፖል፣ ይኸውም ወደ ቢጫ ሳይሆን ወደ ቀን ብርሃን የሚያደላው፣ ለችግኝ ይበቃል። ሐምራዊ የሚያበሩትንና ዋጋቸው የበዛውን መግዛት ለጥቂት ጣሳ በርበሬ አላስፈላጊ ወጪ ነው ብለን እናምናለን።

ወጪውን ደግሞ አብረን አሰብነው። አንድ 10 ዋት አምፖል በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በ45 ቀን የሚበላው ኃይል 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ከጥቂት ነው። ይህም 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሁለት ሰዓት ያህል ከሚበላው ጋር ይተካከላል፤ ማለት ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ እንጀራ መጋገሪያ ከሚወጣው ጋር ነው። መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ ማብራት አያስፈልግም፤ ቡቃያም እንደ ሰው የጨለማ ዕረፍት ይሻል። በደብረ ማርቆስ መብራት የሚጠፋበት ቀን መኖሩን አልደበቁንም። አንድ ቀን ቢጠፋ ችግኙ አይሞትም፤ በዚያን ቀን አውጥተው በደጃፉ ላይ ያኖሩታል።

ይህ ጉዞ ከመደረጉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ጀምሮ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ ተፈጽሞ ተመረቀ፤ ሙሉ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከጮቄ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ብርሃን ሆኖ ወደ ደጋው የሚመለስበት ዘመን መሆኑን ባልዮው በሳቅ ነግረውናል።

አንድ ነገር ግን በግልጥ መናገር ይገባናል። ፀሐይ የሚያገኝ ግቢ ላለው የደጋ ሰው ይህ መብራት የግድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ ሩቅ ስላልሆነ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ በሰኔ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው፤ በታኅሣሥ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በለንደን ከተማ ግን በታኅሣሥ ቀኑ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ መብራቱን አጥብቆ የሚፈልገው በቀዝቃዛው አገር የሚኖር ሰው ነው። በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሐበሻ ጎመን፣ በሶ ብላና በርበሬ በመጋቢት ወር በቤት ውስጥ በመብራት ሥር አብቅለው ውርጩ ካለፈ በኋላ ወደ ጓሮ የሚያወጡት ስለዚህ ነው። በጎጃም ደጋ የሚያስቸግረው ከብርሃኑ ይልቅ ብርዱ ነው። የበርበሬ ዘር በደኅና የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅለት ነው፤ የደብረ ማርቆስ ሌሊት ግን ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። መምህርቱ ለዚህ ያገኙት መላ ቀላል ነው። የበርበሬ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለማይፈልግ፣ ገና እስኪበቅል ድረስ ጀሪካኑን በምድጃው አጠገብ ያኖሩታል። የመጀመሪያው አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ባለ ዕለት ግን ሳይውል ሳያድር ወደ መብራቱ ይሄዳል። በምድጃው ዳር ሁለት ቀን ቢቆይ ያን ጊዜ ይመዘዛል፤ አንዴ የተመዘዘም አያጥርም።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፈን ቡሬ ገባን። መንገዱን ሁሉ ለመግለጥ ጊዜ የለንም፤ ብቻ አገሩ ዝቅ እያለና እየሞቀ ሲሄድ በየጓሮው የሚታየው የችግኝ ዳስ እየበዛ መሄዱን እንናገራለን። ቡሬ በበርበሬው የታወቀ አገር ነው። በርበሬም ቢሆን እንደ ድንቹ ከአሜሪካ የመጣ ተክል መሆኑን ስንናገር የሰሙን ሽማግሌዎች ሳቁብን። ያለ በርበሬ ወጥ የሠራችው የጥንቷ ሴት ምን ታደርግ ነበር ብለውም ጠየቁን፤ ሚጥሚጣውም በርበሬውም ከዚያ ወገን መሆኑን በነገርናቸው ጊዜ ጭራሽ አላመኑንም።

በቡሬ የምንነጋገረው ስለ ብርሃን ማነስ ሳይሆን ስለ ብርሃን መብዛት ነው። በሚያዝያ የፀሐዩ ብርታት ለጋ ችግኝ ያቃጥላል። አንዲት በችግኝ ማፍላት የታወቁ ሴት ሥራቸውን እንዲህ ሲሉ ነገሩን። መደቡ ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ሴት ከሁለቱ ወገን ተቀምጣ እጇ መካከሉን እንዲደርስ ነው እንጂ በዘፈቀደ የተለካ አይደለም። ዘሩ በመስመር ከተዘራ በኋላ አፈር በስሱ ይለብሳል፤ በላዩ ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል፤ ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። በዐሥር ቀን ገደማ መብቀል ሲጀምር ጉዝጓዙ ይነሣል፤ በዚያው ዕለት ከመደቡ በላይ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በአራት ባላ ላይ የሣር ዳስ ይሠራል። አዲስ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው አሉ። ዳሱ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲፈርስም ሥራ አለው። ዳሱ እንዳለ እስከ ተከላ ቢቆይ ችግኙ ይመዘዛል፤ ወደ ማሳ በወጣ በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ይጥለዋል። በአንድ ጊዜ ቢነሣም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ከጣሪያው ጥቂት ጥቂት እፍኝ ሣር ይነቅላሉ። ውኃውንም በዚያው ልክ ያሳንሳሉ። ከተዘራ ከ45 እስከ 60 ቀን ሲሆነውና ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሲደርስ ጥላው ጭራሽ አልቆ ችግኙ ባዶ ሰማይ ሥር ይሆናል።

የእኒህ ሴት መደብ ለቤታቸው ብቻ አይደለም። የችግኝ ሽያጭ ለሁለት ልጆቻቸው የትምህርት ወጪ መሆኑን ነግረውናል። በባለፈው ዓመት ከመንገዱ ወዲያ ያለች ጎረቤታቸው መደቧን አብዝታ አጠጥታና ወፍራም ዳስ ሠርታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ ችግኝ ከአፈሩ አፋፍ ላይ እየሰለለ ወድቆባታል። ጥላና እርጥበት አብረው ሲበዙ እንዲህ ያለው በሽታ ይመጣል። ከዚህም ሌላ በዚያ አገር በርበሬን ከሥሩ የሚያጠወልግ በሽታ ስላለ በየዓመቱ መደቡን ቦታ መለወጥ፣ በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች ባልነበረበት መሬት ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም የአንድ ዘመድ ልጆች ስለ ሆኑ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋልና። ጎረቤቲቱ በዚያ ዓመት ችግኝ ያገኘችው ከእኒሁ ሴት ነው። ገንዘቡን እስከ መስቀል ታግሠዋታል። በዘንድሮው መደብ ዳሱን የሠሩት ሁለቱ አብረው ነው።

ስለ ደብረ ማርቆሱ አምፖል ስንነግራቸው አልተደነቁም። «የኛ ልጅ ናት አላላችሁም?» አሉ። «ፀሐይ ያጣ ሰው ምን ያድርግ? ግን ከመትከሏ በፊት ስንት ቀን ውጭ እንደምታሳድረው ጠይቃችኋታል?» መምህርቱ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ድረስ፣ መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት በጥላ፣ ኋላም እየጨመሩ፣ ችግኙን በደጃፍ ላይ እንደሚያለማምዱት ነግረውን ስለ ነበር ይህንኑ መለስንላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መደባቸው ጎንበስ አሉ፤ ከዳሱም ጣሪያ ላይ አንድ እፍኝ ሣር መዝዘው ወደ ፍግ ጉድጓዱ ጣሉት። እኛ ከቡሬ በወጣንበት ጠዋት ከጣሪያው የተነሣው ሲሦው ብቻ ነበር፤ የቀረው እስከ ግንቦት ሚካኤል ተነሥቶ ያልቃል፤ ሰኔ ዝናሙን ሲያጸና ችግኙ ወደ ማሳ ይወጣል።